ሁለቱ ድስቶች

ከሙርጋብ ከተማ የሁለት ቀን ርቀት፣
ዛፍ በማይበቅልበት፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
ሁለት ድስት ጥጃለሁ በጠጉራም በሬ ኩበት።

በትልቁ ድስት ውስጥ ራሱ ይፈላል፤
ቀንዱ ካፉ ወጥቶ በእንፋሎት ይላባል፤
አጥንቱ ከሥጋው ተላቆ እስኪነጣ፣
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እንቅልፌን ላጣ፤
ይህ የእንግዳው ድርሻ ነው፣ ከዴንማርክ ለመጣ።

በትንሹ ድስት ደግሞ ወርች አለ፣ ጎድን አለ፣
ሽንኩርቱ ከጨው ጋር ቀስ እያለ በሰለ።
ይህ የእኛ ድርሻ ነው፤
እንግዳው ሆልገር ነው፣ "ሥጋው ለእናንተ" ያለ።

አንድ በግ ነው፤ ሁለቴ ነው የሞተው።
ጥይቱ ለቀንዱ፣
ቢላዋው ለሥጋው፤
መሪው ሳቲባልዲ፣ ነፍሱ ሳትወጣ፣
በድንጋይ ላይ ሮጦ፣ ትንፋሹን እያጣ፣
"ቢስሚላህ" ብሎ አረደው፣ ለእኛ እንዲሆን ብሎ።
ሆልገር ግን አለቀሰ፣
በጉ አንገት ሥር ተንበርክኮ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ጥሎ።
ይህንን ሲነግሩኝ ወንዶቹ ሳቁ።
እኔ አልሳቅሁም።

አባቴ አብዲማናፕ ዱቄት ያለቀ ለት
ከጣራ ሥር ያወርድ ነበር ያን አሮጌ ብረት፤
በሦስተኛው ቀን ይመጣል፣ ጢሙ በረዶ ሆኖ፣
አንዷን በግ ለሰባት ቤት ይደለድላል መዝኖ።
ቆዳዋ ምንጣፍ ሆነ፣ ጅማቷ የመስፊያ ክር፣
ጥርሴን ያበቀልኩት በመቅኒዋ ነበር።

ግን እውነቱን ላውጣ፦ አባቴ ሲያወራ
ስለ ሥጋው አልነበር ዐይኑ የሚያበራ፤
ስለ ገደሉ ጫፍ ነው፣ ስለ ተኩሱ ርቀት፣
ጣቱ ቃታው ላይ ሆኖ ትንፋሹን ስለያዘባት
ስለዚያች አጭር አፍታ፤
እንደ ልጅ ይስቅ ነበር፣ እጁን እያማታ።
የራበው ሰው ብቻ እንዲያ አይስቅም።

ወንድሜ ቶይቹቤክ አምና በዚህ ወራት
አንዲት በግ ገደለ፣ ለታመመች ሚስት፤
ጠመንጃው ተነጠቀ፣ ቅጣት ተፈረደበት፣
ስሙም ተለወጠ፣ "ሌባ" ተባለበት።
ሆልገር ወረቀት አለው፣ ማህተም ያረፈበት፤
የእርሱ ስም አዳኝ ነው፤
ማደን ይሁን ማዳን ማን ይለይበት?

አስተርጓሚው ይለኛል፦ "በዚህ ሰው ገንዘብ ነው
ጠባቂ የሚቀጠር፣ መንጋው የሚበዛው።"
ውሸት ነው አልልም፤
ከሸለቆው ማዶ፣ ዘንድሮ እንደገና፣
ከመቶ በላይ በግ ቆጥሬአለሁና።
ቶይቹቤክም ቆጥሯል፤ ከመስኮቱ ሆኖ፣ ባዶ እጁን።

ከሰዓት፣ ሆልገር ቀንዱን በሜትር ለካ፤
ሁለቴ ለካና ሦስተኛ ደገመ፣
ሁለት ጣት ቢጎድል ፊቱ ጨላለመ።
እኔ ቀለበቱን በጥፍሬ ቆጠርኩት፤
ዘጠኝ ክረምት ኖሯል።
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ተኩላና ረሃብ
ፈልገው ያጡትን
ሜትር አገኘችው።

ማታ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ ኩሽናው ገባ፤
ስለ ቅሉ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ የለም።
ከትንሹ ድስት አጠገብ፣ ልጄ ጂቤክ ጎን፣
መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ዘረጋልኝ ሳህን።
ጨለፍኩለት።
ይተፋዋል ብዬ ዐይን ዐይኑን አየሁት፤
አልተፋም፤
ዳቦውን ቆረሰ፣ ሳህኑን ጠረገ፣
እንደገና ዘረጋ፣
ከጂቤክ ጋር እኩል ቅልጥም መጠመጠ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ
የቱን ድስት እንደምጠላ አውቅ ነበር።
አሁን ግን እንፋሎቱ ጣራው ሥር ተገናኝቶ፣
የዚህ ነው የዚያ ነው የሚባል ነገር ጠፍቶ፣
በአንድ ላይ ይንጠባጠባል፣ በእኔም፣ በእርሱም ትከሻ።
በጉን ልጠይቀው? በጉስ ምን ያውቃል፣
እርሱ የሰማው አንድ ድምፅ ነው።

ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አጥንቱን እንደያዘች።
እሳቱ ሊጠፋ ሲል
ኩበት ጨመርኩበት።